በእጄ ያደረስኩት ጥሪ

ማክሰኞ

በዙሪክ ካለው ሐበሻ ሁሉ እንደ እኔ ፈጥኖ ፊደል የቆጠረ የለም። በሰባት ወር ጨረስኩት። እሺ፣ በዘጠኝ። ሌላው ሐበሻ ደግሞ በልጅነቱ ስለቆጠረ ውድድሩ ውስጥ የለም፤ ውድድሩ አፎልተርን፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ማታ ማታ በምንማር ስድስት ሰዎች መሐል ነው። ከስድስቱ ብርቄ ትበልጠኛለች። ግን እሷ መነጽር አላት።

ስሜ በላቸው፣ ዕድሜዬ ስድሳ አንድ። ይህን ደብተር የጀመርኩት መምህራችን እትዬ ሶስና "በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ጻፉ፣ ማንም አያይባችሁም" ስላሉን ነው። ማንም ካላየው ለማን ነው የምጽፈው አልኳቸው። "ለራስህ። መቼስ ከራስህ ሌላ የምታደንቀው የለህ" አሉኝ።

ዛሬ ያነበብነው እንግዳ ነገር ነው። እትዬ ሶስና ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ጄኔቫ፣ አንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ተርጓሚ ነበሩ። አሮጌ ወረቀት ይወዳሉ። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዙት መጽሐፍ አላቸው፤ ውስጡ ከመቶ ሃምሳ፣ ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት የአሜሪካ ፓርቲዎች ያሳተሟቸው የጥሪ ወረቀቶችና ሰርኩላሮች ናቸው። እሳቸው ወደ አማርኛ መልሰው፣ በትልልቅ ፊደል ጽፈው ያድሉናል። ፊደል የቆጠረ ሰው መጀመሪያ ማንበብ ያለበት የፖለቲካ ጥሪ ነው ይላሉ፤ እንዳይሸወድ።

የዛሬው ጥሪ አናቱ ላይ ንስር አለው። "ክቡር ሆይ" ብሎ ይጀምራል። ቦታው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ። እራትና ሙዚቃ እንዳለ። ከዚያ የኮሚቴው ሰዎች ስም፣ እስከ ወረቀቱ ግርጌ። ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ስሞቹ አላልቅ ሲሉኝ "እትዬ፣ ይህ ጥሪ ነው ወይስ የዕድር መዝገብ?" አልኩ። ሳቁ። ብርቄ እንኳ ሳቀች።

ሁለተኛው ወረቀት ሰርኩላር ነው። ለሕዝብ አይደለም፤ በየመንደሩ ላሉ የፓርቲው ሰዎች ብቻ የሚላክ። የሰፈራችሁን ሰው በሦስት ከፍላችሁ ጻፉ ይላል፦ የኛ፣ የነሱ፣ የሚያመነታ። እትዬ ሶስና ከራሳቸው ጨመሩልን። አንዳንድ ቦታ የገዛ ፓርቲያቸውን ሰው ለመጣል ሲፈልጉ ጥሪውን ለወዳጅ በጊዜ፣ ለሌላው አዘግይተው ያደርሱ ነበር አሉ። ያ ሰው ለብሶ፣ ተቀባብቶ ሲመጣ ምርጫው አልቋል፤ ወንበር እየተነሣ ነው።

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በላቸው ያልሳቀበት ቀልድ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ረቡዕ

ማንበብ የማይችል ሰው ወረቀት አይጥልም። የትኛው የመኖሪያ ፈቃድ፣ የትኛው የፒዛ ማስታወቂያ እንደሆነ ስለማያውቅ ሁሉንም ያስቀምጣል። ረገንስዶርፍ ያለችው ክፍሌ ውስጥ፣ አልጋዬ ሥር የአሥራ ሁለት ዓመት ወረቀት አለ፤ ሁለት ትልልቅ የገበያ ከረጢት ሙሉ። ጀርመንኛውን ገና አልደፈርኩትም። አማርኛውን ግን ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ ከሥራ ስመለስ እየለቀምኩ አነባለሁ።

የዛሬ ለቀማ፦

የክርስትና ጥሪ። ልጁ አሁን ጢም አለው።

የአርባ ጥሪ። ለካ ተጠርቼ ነበር። ባለመሄዴ እስከ ዛሬ ሰላም የማይሉኝ ለዚህ ነው።

ስም የሌለው፣ እኔን የሚሰድብ ደብዳቤ። ፊደሉ ያምራል።

የማኅበራችን የጠቅላላ ጉባኤ ጥሪ፣ ሁለት። አንዱ ነጭ ፖስታ፣ ለእኔ የተሰጠኝ። አንዱ ቢጫ፣ ወደ ባዝል ለሄደ ሰው ሳላደርሰው የቀረ፤ እስከ ዛሬ ያልተከፈተ። በቢላ ከፈትኩት። ቀኑ አንድ ነው። አዳራሹ አንድ ነው። ከታች የሊቀመንበሩ የአቶ ግርማቸው ስምና ማኅተም አንድ ነው። ነጩ "ከቀኑ ስምንት ሰዓት" ይላል። ቢጫው "ከቀኑ አሥር ሰዓት"።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ሁለተኛ ያለ ጣት፣ ሦስተኛ ቆሜ።

ይህ የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። አቶ ግርማቸውና ጓደኛዬ ጌታሁን ለሊቀመንበርነት የተወዳደሩ ዕለት። ጥሪውን ያደልኩት እኔ ነኝ። ሥራዬም ይኸው ነው፤ አፎልተርንና ረገንስዶርፍ በየፖስታ ሳጥኑ ማስታወቂያ መክተት። አቶ ግርማቸው የማኅበሩን ጥሪ በፖስታ ቤት አይልኩም ነበር፤ "ጥሪ በእጅ ሲደርስ ነው ክብሩ" ይላሉ። እሳቸው ስም ይጠራሉ፣ እኔ በምሄድበት መንገድ ተራ ቦርሳዬ ውስጥ እደረድራለሁ። የሰውን ቤት በእግሬ አውቀዋለሁ። የአንዱን ፖስታ ለሌላው ሰጥቼ አላውቅም። ይህ ጉራ አይደለም። ጉራም ቢሆን እውነት ነው።

ቢጫው ለጌታሁን ወገኖች ነበር።

ያን እሑድ ጌታሁን አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ንግግሩን በወረቀት ይዞ፣ አርባ የሚሆን ሰው አስከትሎ ሲደርስ ድምፅ ተሰጥቶ አልቋል። ተቆጣ። ጥሪውን አወጣ። አቶ ግርማቸው "የማተሚያ ቤት ስህተት ነው፤ ለሁሉም የደረሰው ይኸው ነው፤ እርማቱ በቃል ተነግሯል፤ የሰማ መጥቷል" አሉ። ነጩን ወረቀት ያወጣ ሰው የለም። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። "እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ለሚቀጥለው ምርጫ ቀድማችሁ ደርሳችኋል" አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጌታሁን ንግግሩን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

ቀልዷ ከተማውን ዞረች። በየሰርጉ፣ በየለቅሶው፣ ሰው በዘገየ ቁጥር። ጌታሁን በዓመቱ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ጄኔቫ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከአቶ ግርማቸው ጋር የተወዳደረ የለም።

እራት አልበላሁም። ጻፍኩት እንጂ ሾርባ ጠጥቻለሁ።

ሐሙስ

እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ አለ። ዛሬ ጥሪ ልወስድ ላንግሽትራሰ ሄድኩ፤ አቶ ግርማቸው ከአንድ የሐበሻ ሸቀጥ መደብር ጓሮ ክፍል አላቸው።

"ና በላቸው፣ እግርህ ደህና ነው?" አሉኝ። ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ እግሬን ነው።

ፖስታዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተቆልለዋል። ዘንድሮ ሁሉም ነጭ። መነጽራቸውን አደረጉና ስም ሊጠሩ ሲሉ "አይድከሙ" ብዬ አነሣሁና ማንበብ ጀመርኩ። ወይዘሮ እገሊት፣ አቶ እገሌ፣ አቶ እገሌ ከነቤተሰቡ። አምስተኛው ላይ ቀና ስል መነጽራቸውን አውልቀዋል።

"መቼ ተማርክ?"

"በሰባት ወር።"

"መቼ ነው ያልኩህ።"

"ዘንድሮ።"

"እሰየው" አሉ። እሰየው እንደዚያ ቀዝቅዛ ስትወጣ ሰምቼ አላውቅም። ፖስታዎቹን ከእጄ ወስደው ደረደሯቸው። "ዘንድሮ እንኳ በፖስታ ቤት ይሂድ። ኤ ፖስት የሚሉት ፈጣኑ ነገውኑ ያደርሳል። አንተም ዕድሜህ ገፍቷል፣ ምን ታንከራትታለህ።"

"በእጅ ሲደርስ ነው ክብሩ ይሉ አልነበር?"

"ክብር በብዙ መንገድ ይደርሳል በላቸው።"

አሥራ ሁለት ዓመት በእግሬ ነው የማገለግላቸው ስል ነበር። ለካ ፊደል በማያውቀው ዓይኔም ነው።

ማታ ክፍል ውስጥ እትዬ ሶስና ሌላ የአሜሪካ ጥሪ አደሉን። ይህኛው ሠላሳ ስም አለው። ሲጨርሱ ጠየቅኳቸው፦ "እነዚህን ወረቀቶች በየቤቱ ያደሉት ሰዎችስ? ማንበብ ይችሉ ነበር?"

"አንዳንዱ ይችል ይሆናል፣ አንዳንዱ አይችል ይሆናል። ስማቸው ወረቀቱ ላይ ስለሌለ አናውቅም።"

"ካላወቁ ጥፋት የለባቸውም ማለት ነው።"

እትዬ ሶስና ረጅም ጊዜ አዩኝ። "ካላወቁ" አሉ።

ብርቄ "ዛሬ ምን ነካው፣ አልቀለደም እኮ" አለች።

ዓርብ

ዛሬ ሥራ ላይ ያደልኩትም የምርጫ ወረቀት ነው፣ የስዊዞቹ። "ማስታወቂያ አትክተቱ" የሚል የተለጠፈበት ሳጥን ውስጥ የፒዛ ወረቀት ከከተትኩ ይከሱኛል፤ የፓርቲ ወረቀት ግን ይፈቀዳል ይላል አለቃዬ። አንዲት አሮጊት ሳጥናቸው ጋ ጠብቀው እጄ ላይ መለሱልኝ። እኔ ምን አደረግኩ፤ ተሸካሚ ነኝ። እንዲህ ልላቸው አስቤ ጀርመንኛው አልመጣልኝ አለ።

ማድረግ የምችለው፦
አንደኛ፣ ሁለቱንም ወረቀት ማቃጠል። የክፍሌ የጭስ ማስጠንቀቂያ ግን በእንቁላል ጥብስ ይጮኻል።
ሁለተኛ፣ አቶ ግርማቸው ጋ ሄጄ አውቃለሁ ማለት። ከዚያስ?
ሦስተኛ፣ ጌታሁን።

ከቀትር በኋላ ደወልኩ። ልጁ ሩት አነሣች። ስታወራ ፈረንሳይኛውና አማርኛው ይቀዳደሙባታል።

"ፓፓ ተኝቷል። ማን ልበለው?"

"በላቸው ከዙሪክ በይው።"

"አህ ቦን። የቀልዱ ሰውዬ?" አለችኝ።

ልጅቷ ያኔ ትንሽ ነበረች። እዚያ ቤት ስሜ ይህ ነው ማለት ነው።

ቆይታ አባቷን አስነሥታ ጠየቀችልኝ። "ነገ ና ብሏል። ጠዋት የልብስ ማጠቢያ ተራው ነው፣ ታች ነው የሚሆነው።"

ቅዳሜ

ጄኔቫ በባቡር ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው መንገድ ነው። መንገዱን ሙሉ የምለውን አጠናሁ። ሐይቁ ሲታይ ረሳሁት።

ጌታሁን ምድር ቤት ነበር፤ የሕንፃው የጋራ ማጠቢያ ክፍል። ተራው እስከ ቀትር ነው፤ ካለፈው ሁለት ሳምንት መጠበቅ ነው። ሸብቷል። ከስቷል። ሰላም አላለኝም። ከማድረቂያው አንሶላ አወጣና አንዱን ጫፍ ሰጠኝ። ሁለት ሽማግሌ፣ ጎትተን፣ አጥፈን፣ ተጠጋግተን ጫፉን ሰጠሁት። ሁለተኛውን አንሶላ አወጣ። ሦስተኛው ላይ "ምን ፈለግህ?" አለኝ።

ወረቀቶቹን ሰጠሁት። ማሽኑ ላይ አስደግፎ አነበባቸው። ደጋግሞ። ነጩን ገለበጠና ጀርባውን አየ፣ ምንም የሌለበትን።

"ዘጠኝ ከሃምሳ አምስት ነበር" አለ። "በር ላይ ሰዓቴን አይቻለሁ። አምስት ደቂቃ ቀድመን ነው የደረስነው።"

"አውቃለሁ ጌቾ።"

"ያልከኝን ታስታውሳለህ?"

"አስታውሳለሁ።"

"በለው እስቲ።"

"ተው ጌቾ።"

"በለው። ረስቼው ከሆነ።"

አልኩት። ሰው ያልሳቀበት ቀልድ እንዴት ያለ ነገር ነው። ማሽኑ ብቻ ይሽከረከራል።

"በማግስቱ ጠይቄህ ነበር" አለኝ። "ሌላ ዓይነት ወረቀት አድለሃል ወይ ብዬ። 'እኔ ማንበብ አልችል' አልከኝ።"

"አልችልም ነበራ።"

"ቀለም ግን ታያለህ።"

"ቀለሙን አይቻለሁ። ውስጡን አላየሁም። ፖስታው ተዘግቶ ነው የተሰጠኝ።"

እውነትም ተዘግቶ ነው የተሰጠኝ። እንደ ጡብ የተደረደረ፣ የታሸገ።

ጌታሁን ቅርጫቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ስድስት ዓመት ራሱን ሲሰድብ እንደኖረ ነገረኝ። እርማቱን ቤተ ክርስቲያን ተናግረው እሱ ሳይሰማ የቀረ፣ አርባ ሰው ያሳፈረ መስሎት። ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "ምናለ አንድ ጊዜ ደውለህ ብታጣራ" እያለች ሞተች። ይህን ሲናገር አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ። "ለካ ባንተም ተጫውተውብሃል" አለኝ። "ነገ እመጣለሁ። እኔ ሊቀመንበርነት አልፈልግም፣ አልፎብኛል። ሰው ፊት ግን ይታወቅልኝ። አንተ ቆመህ ይህችኑ ትናገራለህ፤ ተዘግቶ ነው የተሰጠኝ ትላለህ።"

"እላለሁ።"

ምሳ ጋበዘኝ። በላሁ። ሩት "ቀልድ ንገረኛ" አለችኝ። አንድም አልመጣልኝም።

እሑድ

ስምንት ሰዓት ተባለ፣ ሰባት ተኩል ላይ አዳራሹ ሞላ። ጌታሁን ሰባት ሰዓት ላይ ነው የደረሰው፤ ወንበር አብሮን ደረደረ።

አቶ ግርማቸው ሪፖርታቸውን አነበቡ። "የሚወዳደር ካለ" ሲሉ ጌታሁን ተነሣ። "አልወዳደርም፣ የማሳየው አለኝ" ብሎ ሁለቱን ወረቀት ከፍ አደረገ። አቶ ግርማቸው "የድሮ ነገር ምን ይሠራል" አሉ። ጌታሁን ወደ እኔ ዞረ።

ተነሣሁ። "ያደልኩት እኔ ነኝ። ተዘግቶ ነው የተሰጠኝ። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር" አልኩ። ከዚያ ሁለቱንም ጮክ ብዬ አነበብኩ። ስምንት ሰዓት። አሥር ሰዓት። ፊደል ሳልስት።

አንድ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ሁሉም። ሳልቀልድ ሲጨበጨብልኝ የመጀመሪያዬ ነው። እናቶች መጥተው ሳሙኝ። አንዷ "አንተ ምስኪን፣ ባለማወቅህ" አለችኝና እንባዋን ጠረገች።

አቶ ግርማቸው አልተከራከሩም። ወረቀታቸውን ሰብስበው "ከዛሬ ጀምሮ ለቅቄያለሁ" አሉ። የወር ጊዜ ተሰጥቶ ምርጫ የሚያዘጋጁ ሦስት ሰዎች ይመረጡ ተባለ። ጌታሁን እጁን አወጣ። "በላቸው ይሁን። ከሁላችንም ንጹሕ እሱ ነው።" በሙሉ ድምፅ።

ካፖርት መስቀያው ጋ አቶ ግርማቸው አጠገቤ ቆሙ። ሻርፓቸውን እየጠመጠሙ፣ ሳያዩኝ፦

"ተዘግቶ ነው የተሰጠኝ አልክ?"

"አልኩ።"

"ደግ አደረግህ" አሉና ወጡ።

ሰኞ

ጠዋት ጌታሁን ደወለ። ድምፁ የድሮው ነው። "ለሚቀጥለው ምርጫ ቀድሜ ደርሻለሁ በላቸው" ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ፤ በእኔ ቀልድ። እኔም ሳቅኩ። በፋሲካ ና፣ ሩት ጠይቃሃለች አለኝ። እሺ አልኩ።

ሥራ ገባሁ፣ ወጣሁ። ደብተሩን ከመጀመሪያው አነበብኩት። እትዬ ሶስና "ለራስህ" ያሉኝ ለዚህ ከሆነ ክፉ ሴት ናቸው።

የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ጥሪው ሊታደል ሲል፣ አቶ ግርማቸው ወንበር ስበው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ከማኅበሩ ሰው እንዲያ ያደረገልኝ አልነበረም። ጌታሁን ደግሞ በዚያው ሰሞን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ "በላቸው፣ ና እኔ ፊደል ላስቆጥርህ" ብሎኝ ነበር። ለደግ ነው ያለው። ግን ማንበብ እንደማልችል የማያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ ያን ዕለት አወቁ።

ስለዚህ ቢጫው ለምንድነው ብዬ ስጠይቅ፣ አቶ ግርማቸውም "እነ ጌታሁን ትንሽ አረፍ ብለው ይምጡ ብዬ ነው" ሲሉኝ፣ ሳቅኩ። ከልቤ ነው የሳቅኩት። በሩ ላይ የተናገርኳትም ድንገት አልመጣችልኝም። ጥሪውን እያደልኩ፣ ከሳጥን ሳጥን፣ ሦስት ቀን ሙሉ ስለማመዳት ነበር።

ለጌታሁን እነግረው እንደሆነ አላውቅም። ዛሬ አልነገርኩትም።

ቅዳሜ ከጻፍኩት ሌላው ሁሉ እንደጻፍኩት ነው። አንሶላው፣ ሰዓቱ፣ ሚስቱ። ፖስታው ግን ተዘግቶ አልተሰጠኝም። ክፍት ነበር። ነጩን ለነጭ፣ ቢጫውን ለቢጫ እየለየሁ፣ በምላሴ እያራስኩ አንድ በአንድ የዘጋኋቸው እኔ ነኝ።